በፍሬኑ ውስጥ የቀረው አየር

ቲሆሚር ፍሬን ሠሪ፣ አበልጁ ኦብራድ ደግሞ ሞተር ሠሪ ነበሩ። ከቫልዬቮ ከተማ በላይ ባለችው መንደራችን የቲሆሚር ቤት ከኮረብታው ራስጌ፣ የኦብራድ ጋራዥ ከግርጌው ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው በፕሪም ዛፎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። አሮጌ መኪናውን ከተሠራበት ቀን ይልቅ ብርቱ ሊያደርገው የወደደ ሰው አስቀድሞ ወደ ታችኛው፣ ቀጥሎ ወደ ላይኛው ይሄዳል። ይህ ልማድ ሁለቱ ጎልማሶች ሳሉ ተጀምሮ ጠጕራቸው እስኪሸብት ድረስ አልተለወጠም።

ልጁ ስሚልያና በተወለደች ጊዜ ኦብራድ ክርስትና እንዲያነሣለት የለመነው ቲሆሚርን ነው። እኛ ዘንድ አበልጅነት ከሥጋ ዝምድና ይበልጣል እንጂ አያንስም። አበልጅ አበልጁን በሰው ፊት አያሳፍርም፤ ከደጁ አይመልሰውም፤ የእጁንም ሥራ አይመረምርበትም፤ መመርመር “አላመንሁህም” ማለት ነውና። ስለዚህ ቲሆሚር “የፍሬኑ ሥራ አልቋል” ባለ ጊዜ ኦብራድ ጎማ ፈትቶ አይቶ አያውቅም ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎ ያመሰግናል፤ ይሄዳል።

ቲሆሚርን ግን ከብዙ ዘመን ጀምሮ አንድ ነገር ያቃጥለው ነበር። የአሮጌ መኪና ባለቤቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ሰው የሚከፍተው የሞተሩን ክዳን ነው፤ ዐይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጠው የሞተሩን ድምፅ ነው፤ “ማን ሠራው?” ሲባልም የሚጠራው የኦብራድ ስም ነው። ጎማ አስፈትቶ፣ “ይህን ዲስክ እንዲህ አስተካክሎ የገጠመው ማን ነው?” ያለ አንድም ሰው አልተገኘም። ሊገኝም አይችልም ነበር። ፍሬን በደኅና መሠራቱ የሚታወቀው ምንም ነገር ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ ያልደረሰን ነገር ደግሞ ማንም ቆሞ አያጨበጭብለትም። ይህን ቲሆሚር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ነገሩን ማወቁ ግን አላበረደለትም። ኦብራድ በተመሰገነ ቁጥር ምስጋናው ከእርሱ ኪስ ወጥቶ የተሰጠ ይመስለው ነበር።

የስሚልያና መኪና የአያቷ ቅርስ ነበረች፤ ፊቻ የምንላት፣ ሞተሯ ከኋላዋ የሆነ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ሰናፍጭ የመሰለ ትንሽ መኪና። አያቷ በሕይወት ሳሉ ወደ ገበያ ሲወጡባት ከአቀበቱ እኩሌታ ላይ አቁመው፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ከጥላ ሥር ተቀምጠው ሲጃራ ያጤሱ ነበር። ስሚልያና ግን በጥላ ሥር መቀመጥ አልፈለገችም። በየዓመቱ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በማግሥቱ በሚደረገው የአሮጌ መኪኖች የአቀበት ውድድር ልትገባ ቆርጣ ነበርና አባቷን ሞተር፣ የክርስትና አባቷን ፍሬን ጠየቀች። ሁለቱም እሺ አሏት።

ኦብራድ ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ከእርሷ በኋላ ከተሠራ መኪና የተገኘ፣ ጉልበቱ ከአሮጌው እጥፍ የሚሆን ሞተር አስገባላት፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያጋጥመውን ብረት ራሱ በቶርኖ ቀርጾ አወጣው፤ ራዲያተሩን ወደ ፊት አዛወረው። በረዶው ሲቀልጥ መኪናዋን ጎትቶ ወደ አበልጁ ግቢ አወጣት። ቲሆሚር ከፊት ያሉትን የታምቡር ፍሬኖች አንሥቶ ዲስክ ሊገጥም፣ ቧንቧዎቹን ሁሉ በአዲስ ሊለውጥ ተስማምቶ ነበር።

እነሆ፣ መከራው የጀመረው በገዛ ግቢው ውስጥ ነው። የሞተሩ ወሬ ተሰምቶ ነበርና ሰዎች ይመጡ ጀመር። ቲሆሚር ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ቧንቧ ሲያጥፍ፣ እነርሱ በእግሩ ላይ እየተሻገሩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከሁሉ የባሰው ቬሊዛር ነበር፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ምላሱ ያልታሰረ።

“ቲሆሚር፣ እግርህን ሰብሰብ አድርግማ፤ ልናልፍ ነው።”

“ወዴት ነው የምታልፈው? ግቢው እዚህ ያልቃል።”

“ወደ ሞተሩ ነዋ! የአንተን እግር ለማየት ይህን ሁሉ አቀበት የወጣሁ መሰለህ?”

“ሥራ ላይ ነኝ ቬሊዛር።”

“ሥራህን ሥራ፣ ማን ከለከለህ? አንድ ጊዜ ብቻ አስነሣልንና እንስማው። አንተም እዚያው ተኝተህ ትሰማለህ፤ እንደ ጌታ!”

ቲሆሚር ከሥር ወጥቶ፣ እጁን ጠርጎ፣ ሞተሩን ያስነሣላቸዋል። እነርሱም ዝም ብለው ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ “አይ ኦብራድ! እጁ ይባረክ” ይላሉ። ስለ ዲስኩ አንዳች ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ስሚልያናም ትመጣ ነበር። ለእርሱ አይብ ያለበት ቂጣ ይዛለት ትመጣለች፤ ጕንጩን ትስመዋለች፤ “የክርስትና አባባ፣ አደከምሁህ አይደል?” ትለዋለች። እርሱ ግን ይህን አይቆጥረውም ነበር። የሚቆጥረው፣ የኋላውን ክዳን ስትከፍት ዐይኗ እንዴት እንደሚያበራ ብቻ ነው።

በአንዱ ቀን፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ቲሆሚር ብቻውን ቆሞ መኪናዋን ተመለከታት። ዲስኮቹ ተገጥመዋል፤ ቧንቧዎቹ ተዘርግተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ተሞልቷል። የቀረው በቧንቧዎቹ ውስጥ የተያዘውን አየር ማስወጣት ነበር። አየር ያለበት ፍሬን እንደ ስፖንጅ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩ ይታመቃል እንጂ ዲስኩ አይያዝም። ይህ ሥራ አንድ ከፔዳሉ፣ አንድ ከጎማው ሥር ሆነው የሚፈጽሙት የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፤ ሚስቱ ራዶይካ ሁልጊዜ ፔዳሉን ትረግጥለት ነበር። በዚያን ቀን ግን አልጠራትም። “ይቆይ” አለ በልቡ። “ውድድሩ ይለፍ። ያለ ፍሬን ያ ሞተር ወዴት እንደሚደርስ እናያለን። አንድ ጊዜ እንኳ፣ ኦብራድ ቆሞ እኔን ይጠብቅ።”

የሥራ ቤቱን በር ቈልፎ ወደ ቤቱ ገባ። በበዓሉ ዋዜማ “የሚያስፈልገኝ ዕቃ አልመጣም” ሊል አስቦ ነበር። ነገር ግን ኦብራድ በዋዜማውም አልጠየቀውም። አበልጅ አበልጁን “ሥራህ ወዴት ደረሰ?” ብሎ አያጣድፍምና ዝም አለ፤ ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ የሚዋሽበት አጋጣሚ አላገኘም።

የቲሆሚር ቤት ዝክር የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ከአባቱ የተቀበለው፣ አባቱም ከአባታቸው። በዝክር ቀን ማንም ተጠርቶ አይመጣም፤ የሚያውቅ ሁሉ በራሱ ይመጣል። የቤቱ ጌታ አይቀመጥም፤ ከጧት ጀምሮ ቆሞ ይቀዳል፣ ያቀርባል። መፍቻ የሚነካ እጅም የለም፤ በዝክሩ ቀን የሠራ ሰው ለመንደሩ የዓመት ወሬ ይሆናል። በዚያን ቀንም ሻማው በርቶ፣ ዳቦው ተባርኮ፣ ስኳርና ለውዝ የተደረገበት የስንዴ ንፍሮ በየእንግዳው ዞሮ፣ የጠቦቱ ጥብስ ቀርቦ ነበር። ቲሆሚር አዲሱን ኮቱን ለብሶ የፕሪም አረቄ ይቀዳ ነበር።

ወሬው ወደ ሞተሩ ለመድረስ አልዘገየም።

“እኔ በሕይወቴ ብዙ ሞተር ሰምቻለሁ” አለ ቬሊዛር፣ የበግ ጎድን በእጁ ይዞ። “ይሄኛው ግን ይናገራል እኮ! ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ? ‘ቬሊዛር፣ አውቶቡስህን ጥለህ ና’ አለኝ።”

እንግዶቹ ሳቁ። ኦብራድ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ።

“ታዲያ ነገ ይወጣል ወይስ አይወጣም?” አለ ሌላው።

“እሱን ባለቤቱን ጠይቁ!” አለ ቬሊዛር ወደ ቲሆሚር እየጠቆመ። “ኦብራድ የጨረሰው በረዶው ሳይቀልጥ ነው። ፍሬኑ ግን ለሚመጣው ጊዮርጊስም መድረሱን እንጃ። ቲሆሚር ከጎኗ እየሮጠ በእግሩ ቢያቆማት ይቀለዋል!”

“ተው ቬሊዛር” አለ ኦብራድ፣ ፈገግታውን ትቶ። “አበልጄ ሥራውን ያውቃል። ባይጨርስም አልቀየምም፤ ለዓመት እንወጣለን።”

ይህ የደግነት ቃል ከስድቡ ይልቅ ቲሆሚርን አቈሰለው። ለሰባት ቀን ያህል ኦብራድን ሊያስጠብቀው ሲመኝ የነበረ ሰው፣ አሁን ኦብራድ በገዛ ማዕዱ ላይ ተቀምጦ ሊጠብቀው እንደ ፈቀደ ሲሰማ፣ ምጽዋት የተሰጠው መሰለው። የሚቀና ልብ እንዲህ ነው፤ የለመነው ነገር ሲሰጠው እንኳ የሰጠውን እጅ አይቶ ይጠላዋል።

“ማን አልጨረሰም አላችሁ?” አለ። “ካለቀ ቆይቷል።”

“እንዴት ነው የማናውቀው ታዲያ?”

“ፍሬን እንደ ሞተር አይጮህማ፣ ቬሊዛር! ና ውጣ፤ ራስህ ርገጠው።”

ቀድሞ ወጣ። እንግዶቹ ጫማቸውን እስኪያገኙ፣ እርሱ የሥራ ቤቱን በር ከፍቶ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠው። ፍሬን ሠሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አየር ያለበት ፔዳል ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ለጥቂት ጊዜ ይጠነክራል፤ ሲያርፍ እንደ ገና ይላላል። ጠንክሮ ሲሰማው ወጥቶ ቦታውን ለቬሊዛር ለቀቀ። ቬሊዛር ገባ፤ ረገጠ፤ ፊቱን አኮሳተረ።

“ድንጋይ ነው” አለ። “እሺ፣ ተሸነፍሁ። ለፍሬን ሠሪው አንድ አረቄ!”

“አንድ ብቻ?” አለ ሌላው፤ ሁሉም አጨበጨቡ።

ቲሆሚር ያን ጭብጨባ ለብዙ ዘመን ሲጠብቀው ኖሮ ነበር፤ የመጣለትም በሐሰተኛ ሥራው ነው። ጣዕሙን ሊያጣጥም እንኳ አልቻለም፤ ስሚልያና ቁልፉን ከእጁ ወስዳ ነበርና።

“እሰይ የክርስትና አባባ!” አለች አቅፋው። “እንግዲያ አሁኑኑ ይዣት ልውረድ። ነገ በጧት ነው የሚመዘግቡን፤ ዛሬ ቁጥሯን ልለጥፍባት፣ ጎማዋንም አባባ ይይልኝ።”

“አሁን? ምግብሽን ሳትጨርሺ?” አለ ቲሆሚር። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሲመሽ፣ ራዶይካን ጠርቶ አየሩን ሊያስወጣ በልቡ ወስኖ ነበር።

“ምግቡ ይጠብቀኛል፤ የራዶይካ ጥብስ የትም አይሄድም።”

“ሲመሽ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።”

“ዝክር ያለብህ ሰው ነህ እኮ፣ ወዴት ትሄዳለህ?”

ሁሉ ዐይን በእርሱ ላይ ነበር። “አትውሰጃት፤ ዋሽቻለሁ” ማለት ይገባው ነበር። ቃሉ እስከ ከንፈሩ ደርሶ፣ የቬሊዛርን ፊት አይቶ ተመለሰ። ስሚልያና ሞተሩን አስነሣች። ያ ድምፅ ሲሰማ እንግዶቹ እንደ ገና ዝም አሉ፤ ኦብራድም ልጁን ይመለከታት ነበር። ቲሆሚር የአረቄውን ጠርሙስ ለራዶይካ አስያዛትና የቀኝ በሩን ከፍቶ ከስሚልያና ጎን ገባ።

“ምን ሆነሃል አንተ?” አለች ራዶይካ። “እንግዶችህን ትተህ?”

“አሁን እመለሳለሁ።”

እንዲህ የመሰለውን ነገር መንደራችን አይቶ አያውቅም፤ ባለ ዝክር ከዝክሩ አይወጣም። ቲሆሚር ግን ልጅቱንም ስሙንም በአንድ ላይ ሊያድን አስቦ ነበር፤ ይህ የፈሪ ስሌት ነው።

ቁልቁለቱ ጀመረ።

“ቀስ በዪ” አላት። “አዲሱ የፍሬን ሸራ ገና አልተላመደም። ከመታጠፊያው በፊት ደጋግመሽ ርገጪው።”

“ደጋግሜ? ለምን?”

“እንዲሞቅ።”

በመጀመሪያው መታጠፊያ እንዳላት ደጋግማ ረገጠችው፤ መኪናዋም ቀነሰች። ቲሆሚር ተነፈሰ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጥቂት ቀጥ ይላል።

“የክርስትና አባባ፣ ስማ! ስማው እንጂ!” አለች እየሳቀች፤ ነዳጁንም ሰጠችው። ሞተሩ ጮኸ። በዚያች ቅጽበትም ሲቀናበት የኖረው ድምፅ ሆነበትና ቲሆሚር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ መናገር የሚገባውን ሳይናገር ቀረ።

ከሁለተኛው መታጠፊያ ጀርባ የማገዶ እንጨት የጫነ ትራክተር ወደ ላይ ይመጣ ነበር። ስሚልያና ፔዳሉን አንድ ጊዜ ረገጠችው። ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ድረስ ወረደ።

“አይዝም!” ብላ ጮኸች። “አይዝም!”

ቲሆሚር በሁለት እጁ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። የእጅ ፍሬን በሽቦ እንጂ በዘይት የሚሠራ አይደለምና ያዘ፤ መኪናዋ ግን ከኋላዋ ተንሸራትታ ዞረች፤ ትራክተሩን ለጥቂት ስታ የፕሪሙን አጥር ሰበረችና ከአንድ ግንድ ጋር ተደግፋ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። የግራው ፓራፋንጎ ታጥፎ ጎማው ላይ ተቀምጦ ነበር። ስሚልያና ከንፈሯን መሪው መትቷት ደም በአገጯ ይወርድ ነበር። ሌላ የተጎዳ የለም። የትራክተሩ ባለቤት ወርዶ መስቀል እያማተበ ቆመ።

ስሚልያና አልጮኸችም። ቲሆሚርን ተመለከተችው።

“ከታች ምንም አልነበረም” አለች። “ፔዳሉ ባዶ ነበር።”

ሳይመልስላት ድምፁን የሰሙት እንግዶች ሮጠው ደረሱ። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ኦብራድ ነበር፤ የአፍ መጥረጊያው ጨርቅ ገና አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ልጁን ይዞ ፊቷን አየ፤ ጥርሷን አየ፤ እጆቿን አንድ በአንድ ዳበሰ። ከዚያም መኪናዋን አየ፤ በመንገዱ ላይ የታተመውን የጎማ ምልክት አየ፤ ፊቱም ጠቈረ።

“የእኔ ጥፋት ነው” አለ።

“አባባ፣ ቆይ —”

“የእኔ ነው። ይህን ያህል ጉልበት በዚህች ትንሽ መኪና ላይ መጫን አልነበረብኝም። ሰው እንዲያደንቅልኝ ብዬ ነው። አሁን ጎትቼ እወስዳታለሁ። ይህንን ሞተር አወጣዋለሁ፤ የአያቷን እመልስላታለሁ። ዳግመኛም እንዲህ ያለ ነገር አልሠራም።”

“እኔስ ምን ብዬ ነበር?” አለ ቬሊዛር እያለከለከ። “እንዲህ ያለ ሞተር ለፊቻ! ይህ እብደት ነው።”

“እውነት ነው፤ አበዛው” አለ አንዱ።

“መልካም ሞተር ነው እያላችሁ ራሱን አዞራችሁበት” አለ ሌላው።

ቲሆሚር በልቡ ሲመኘው የኖረው ቃል ይህ ነበር፤ የኦብራድ ሞተር በመንደሩ ሁሉ ፊት ሲነቀፍ፣ ነቀፋውም ከኦብራድ ከራሱ አፍ ሲወጣ። ዝም ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ዝምም አለ፤ ለአንድ አፍታም ቃሉ እንደ ማር ጣፈጠው። ይህን የምጽፈው እርሱ ራሱ በኋላ ስለ ነገረን ነው፤ “ያ ጣዕም እስከ ዛሬ ከምላሴ አልጠፋም” ይል ነበር፣ በእንግዶች ፊትም ቢሆን።

ስሚልያና ደሟን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ቲሆሚርን ትመለከተው ነበር። ፔዳሉን የረገጠች እርሷ ናት፤ ታውቃለች። ልትናገርም ትችል ነበር። ግን አልተናገረችም፤ እርሱ እንዲናገር ጠበቀችው።

“ኦብራድ፣ ሞተሩን አትንካው” አለ ቲሆሚር።

“ተወኝ አበልጄ፤ ልታጽናናኝ አትሞክር።”

“እያጽናናሁህ አይደለም። ፍሬኑ ውስጥ አየር አለ።”

“አየር? ቧንቧ ተበጥሶ ነው?”

“ምንም አልተበጠሰም። አየሩን አላወጣሁትም። ሥራውን አልጨረስሁትም። ቬሊዛር ሳይመጣ ፔዳሉን ደጋግሜ ረግጬ ነው ያጠነከርሁት።”

“ረስተኸው ነው?” አለ ኦብራድ። ረስቼው ነው እንዲለው ይለምነው ነበር፤ ድምፁ ያሳብቃል።

“አልረሳሁትም። አውቄ ነው የተውሁት።”

ቬሊዛር ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ራቀ።

“ለምን?” አለ ኦብራድ።

“ሰው ሁሉ ሞተሩን ሊያይ በእግሬ ላይ እየተሻገረ ሲመጣ … አንድ ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ …” ቲሆሚር ቃሉን ሊጨርሰው አልቻለም። በዚያ የተሰበረ አጥር አጠገብ ሲነገር ምክንያቱ እጅግ አነስተኛ ነበር።

“ለዚህ?” አለ ኦብራድ።

“ለዚህ።”

“ልጄ መኪናዋ ውስጥ ነበረች።”

“እኔም አብሬያት ነበርሁ።”

“አንተማ ታውቅ ነበር” አለ ኦብራድ።

ከዚያ በኋላ ኦብራድ አልጮኸም፤ እጁንም አላነሣም። የአንገቱን ጨርቅ አውጥቶ ለልጁ ለከንፈሯ ሰጣት፤ ኮቱን አውልቆ በአጥሩ ላይ ሰቀለ። “ግፏት” አለ። ሰዎቹ መኪናዋን ከዛፉ አስለቅቀው ወደ መንገዱ ገፏት፤ የትራክተሩ ባለቤት በብረት ዘንግ ፓራፋንጎውን ከጎማው ላይ አቀናላቸው። አጥራቸው የተሰበረባቸው ሽማግሌ ከቤታቸው ወጥተው፣ “አጥሩ ግድ የለም፤ ሰው ደኅና ነው?” አሉና ተመልሰው ገቡ።

“መፍቻ ያስፈልጋል” አለ ኦብራድ ወደ ማንም ሳይመለከት።

“ዛሬ?” አለ አንዱ። “ዛሬ እኮ ጊዮርጊስ ነው። በገዛ ዝክሩ —”

“እኔ አመጣለሁ” አለች ራዶይካ። የተባለውን ሁሉ ሰምታ ነበር፤ ባሏን ግን አላየችውም። ወደ ላይ ወጥታ የመሣሪያውን ሣጥንና የፍሬኑን ዘይት በሁለት እጇ ይዛ ወረደች፤ በእግሩ ሥር አስቀምጣ፣ “ቤት የቀረ እንግዳ አለ” ብላ እርሱ ይቆምበት በነበረው ቦታ ቆማ ልትቀዳ ተመለሰች።

ቲሆሚር በአዲሱ ኮቱ መንገዱ ላይ ተጋደመ። ኦብራድ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። ስሚልያና በዛፉ ሥር ተቀምጣ ጨርቁን በከንፈሯ ላይ ይዛ ነበር፤ እንግዶቹ ዙሪያውን ቆመው ይመለከቱ ነበር። ቬሊዛር ጎንበስ ብሎ መፍቻ የያዘውን እጅ በዐይኑ ተከተለ፤ ከዚያ በፊት በቲሆሚር ግቢ አንድ ጊዜም ጎንበስ ብሎ አያውቅም።

“ተጫን” ይላል ቲሆሚር ከሥር።

“ተጫንሁ።”

ዘይቱ አረፋ እየደፈቀ ይወጣል።

“ልቀቅ።”

“ለቀቅሁ።”

በአራቱም ጎማ እንዲህ አደረጉ። ሌላ ቃል በመካከላቸው አልተነገረም። አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ጠርቶ በወረደ ጊዜ ቲሆሚር ከሥር ወጣ፤ የኮቱ ጀርባ ዘይትና አቧራ ሆኖ ነበር።

“አልቋል” አለ።

ኦብራድ ከመኪናዋ ወርዶ በሩን ክፍት አድርጎ ተወው። ስሚልያና ከተቀመጠችበት ተነሣች።

“እኔ አልነዳትም” አለች። “አስቀድሞ የክርስትና አባባ ይንዳት። ብቻውን። እስከ ቤቱ ወጥቶ እስከዚህ ይውረድ።”

ቲሆሚር ገባ። ያን ሞተር ለብዙ ሰው አስነሥቶታል እንጂ በመንገድ ላይ ነድቶት አያውቅም ነበር። አቀበቱን ያዘ። ሞተሩ አልተጣደፈም፤ አልተንቀጠቀጠም፤ እግሩ በጠየቀው መጠን ይሰጠዋል፤ ማርሽ ሲለውጥ እንደ ሠለጠነ ፈረስ ይጠብቀዋል። የቶርኖው ሥራ ያለ አንዳች ስሕተት የተሠራ ነበር፤ አንድም ነገር አይንኳኳም። የሞያ ሰው ነውና ምን ያህል ልፋት እንደ ወሰደ ያውቃል። በረዶ የያዘው ጋራዥ ውስጥ፣ በደነዘዘ ጣት፣ ደጋግሞ ተለክቶና ደጋግሞ ተፍቆ የተገጠመ ነበር። ከደጁ ዞሮ ቁልቁለቱን ወረደ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ፔዳሉ ከእግሩ በታች ጸንቶ ቆመ። ሰዎቹ ጋ ሲደርስ አቁሞ ወረደ።

“ኦብራድ” አለ። “ሞተሩ ግሩም ነው።”

ኦብራድ እጁን በሣር እየጠረገ ነበር።

“አውቃለሁ” አለ። “ይህን ከማንም ይልቅ ካንተ መስማት ስፈልግ ነው የኖርሁት። ዛሬ ግን አልነበረም።”

ስሚልያና ቁልፉን ተቀብላ ገባች። ኦብራድ ከጎኗ ተቀመጠ፤ አበልጁ የሠራውን ፍሬን ሊፈትን መኪና ውስጥ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ቀኑ ነበር። ከታችኛው መታጠፊያ ሳይደርሱ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ ፍሬኑን ረግጣ መኪናዋን አቆመቻት፤ ጥቂት ቆዩ፤ ጥቂት ሄደው እንደ ገና አቆሟት፤ ከዚያም ወደ ጋራዡ ወረዱ።

እንግዶቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ቲሆሚር ከሁሉ ኋላ ሄደ። ከቤቱ ሲገባ ኮቱን ሊለውጥ አልሄደም፤ ከራዶይካ እጅ ጠርሙሱን ተቀብሎ በስፍራው ቆመ። ቬሊዛር ብርጭቆውን ዘረጋለት፤ እርሱም ቀዳለት።